ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ ያልኩት

እኔ አፌ አያርፍም። ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን ቁርስ ቤቴን የሚያውቅ ሁሉ ይህንንም ያውቃል። አንድ ቃል ግን አልወጣ ብሎኝ ወራት አለፉ።

ነገሩ የጀመረው በስልኬ ነው። አንድ ጠዋት ስልኬን አጣሁት። በሩ አጠገብ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልተፍታታ ተሸካሚ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሲወስድ ያየ የለም፤ እንግዳ መሆኑ ብቻ በቃኝ። "ሌባ" እያልኩ በመጥረጊያ እስከ ባጃጆቹ ድረስ አባረርኩት። ሰዉ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ዱቄት ማዳበሪያ ውስጥ ተገኘ፤ ለካ ዱቄት ስዘግን ከሽርጤ ኪስ ሾልኮ ኖሯል። ክው አልኩ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ኩንታል ተሸክሞ እንኳ በማዶ ነው የሚዞረው። ይቅርታ ልበለው ብዬ እነሳለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ መልሼ እቀመጣለሁ። የማይረባ ኩራት።

አንድ መምህር ደንበኛ አለኝ፤ በስልኩ አጫጭር አስቂኝ ፊልም ይሠራል፣ ድምፅ የሌለው። "ግማሹ ጉራጊኛ፣ ግማሹ ስልጢኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ ያወራል፤ ድምፅ ከሌለው ሁሉም እኩል ይስቃል" ይላል። አዲሱ ፊልም ከየደጁ የሚባረር እንግዳ ታሪክ ነበር። አባራሪዋ እኔ ነኝ። "እትዬ፣ እርስዎ ልምምድ አያስፈልግዎትም" ብሎኝ ተሳሳቅን። እንግዳውን ማን እንደሚሠራ ያወቅኩት በቀረጻው ቀን ነው። ያው ተሸካሚ፣ ከልኩ የሰፋ ኮት ለብሶ ደጄ ቆሟል። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

መጥረጊያውን አነሳሁ። ገና ሳልነካው ፊቱን በክንዱ ጋረደ። ይሄ ትወና አልነበረም፤ ያን ቀንም እንዲሁ ነበር ያደረገው። መጥረጊያውን መልሼ አወረድኩት።

"ይሳደቡ እንጂ፣ እትዬ" ይላል መምህሩ።

የሚኒባስ ረዳቶቹ ወደ አገና ከተማ የሚሄደውን ሰው "አገና፣ አገና" እያሉ ይጠራሉ፣ ሚኒባሶቹ ጥሩንባቸውን ይነፋሉ፤ የማወራውን ከተሸካሚው በቀር የሚሰማ የለም። ፊቴን አኮሳተርኩ፣ መጥረጊያውን እያወናጨፍኩ ተጠጋሁት፣ "ስልኬ ተገኝቷል፤ በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። ቆም ብሎ አየኝና የሆነ ነገር መለሰልኝ። ጥሩንባው ዋጠው። ከዚያ ኮቱን ሰብስቦ ሮጠ።

እሁድ ፊልሙ እኔው ቤት ቴሌቪዥን ላይ ታየ። ቤቱ ጢም ብሏል። ተሸካሚው ግን ደጅ ቆሞ ያያል እንጂ ከበሩ ወዲህ አልገባም። እኔ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ሰዉ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ምን ብለሽ ነው እንዲህ የሰደብሽው?" አለኝ አንዱ።

ፊቴ ተቃጠለ። እንደገና ዝም ብል እድሜ ልኩን ሌባ ሆኖ ይቀራል። ተነስቼ ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ የዱቄቱንም ነገር አልደበቅኩም። 

"እኔም ያኔ መልሻለሁ" አለ እሱ፣ የበሩን ደፍ ተሻግሮ ወንበር እየሳበ። "እሺ፣ ግን ቀስ ብለሽ ምቺ ብያለሁ።"