ሙጫ ያልነካው ደጋን

ወንድሜን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተማሪዎቹ «ጋሼ እርሳስ» ነበር የሚሉት። ቫዮሊን የሚያስተምር ሰው በእርሳስ መጠራቱ ቢያስቅም ስሙ ልክክ ብሎለት ነበር። እርሳሷ ከጆሮው ላይ አትወርድም፤ ከወረደችም ለመጻፍ አይደለም። በኖታ ማስቀመጫው ብረት ላይ አንዴ ኳ ካደረገ ሁሉም ይቆማል። ሁለቴ ኳ ኳ ካደረገ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሌላ ቋንቋ አልነበረውም። አይቆጣም፣ አያሞግስም፣ ያንኳኳል ብቻ።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ምድር ቤት ነው፣ የእሱ ክፍል ደግሞ ልክ ከራሴ በላይ። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃያ ልጆች፣ ትንሿ ስምንት ዓመቷ ትልቁ አሥራ ስድስት፣ በሦስት ረድፍ ተደርድረው ቫዮሊናቸውን መፈግፈግ ሲጀምሩ የስፌት መኪናዬ ድምፅ እንኳ አይሰማኝም ነበር። ደንበኞቼ ወደ ጣሪያው እያዩ ምን ሆነው ነው ይሉኛል። እየተማሩ ነው፣ ያልፍላቸዋል እላለሁ።

አንድ ደንብ ነበረችው። ማንም ብቻውን አይጫወትም። አንዱ ከሳተ ሃያውም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ምነው ልጆቹን አሰለቸሃቸው ስለው፣ እንዲህ ከሆነ ለብቻው የሚያፍር ልጅ አይኖርም ይለኝ ነበር። ይቺን ቃሉን ያዙልኝ፣ በኋላ የቆጨችኝ እሷ ናት።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ በቅጥነቷ «ጭራሮ» ብዬ የምጠራት። እናቷ በአራት ዓመቷ ስለሞተችባት ግማሹን እሱ ግማሹን እኔ ሆነን አሳደግናት። በዘጠኝ ዓመቷ እሱ ክፍል ገባች፣ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ። እውነቱን ልናገር፣ ለሙዚቃ የሚሆን ጆሮ አልተሰጣትም። ያቺ መሐል ጣቷ ሁልጊዜ ከቦታዋ ወረድ ብላ ታርፋለች፣ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ግን መውደዷ! ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቫዮሊኗን ታነሳለች። ከጨርቅ ጥቅሎቼ ጀርባ ቆማ ስትለማመድ ስንት ቀን በእሷ የተነሳ ኪስ አጣምሜ ሰፍቻለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ ክፍሉን የሰጠን የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ክፍሉን ለጠረጴዛ ቴኒስ እንፈልገዋለን አለ። ወንድሜ ለምኖ ለምኖ፣ ኃላፊው መጀመሪያ ልጆቹን በአዳራሽ ይሰማቸውና ከዚያ ይወስን ተባለ። ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ያቺ ክፍል ብትወሰድ ወንድሜ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም፣ ልጆቹም የሚሄዱበት የለም።

በእነዚያ ቀናት ከራሴ በላይ ኳ ኳ፣ ኳ ኳ ብቻ ሆነ። ሁሉም በጭራሮ ምክንያት ነው። ልጆቹ በረጅሙ መተንፈስ፣ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ላይ ማንኳኳቱ ቀረ። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር ፈሰሰ። ጭራሮ ደረጃውን በሁለት ዝላይ ወርዳ ሱቄ ገባችና ዛሬ አንዴም አላስቆመኝም አለችኝ። ዓይኗ ያበራል። እኔም ሞኟ፣ አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ለካስ ተስፋ ቆርጦባት ነው።

ያደረገውን ያወቅሁት በኋላ ነው። የቫዮሊን ክር በደጋን ነው የሚፈገፈገው። ደጋኑ ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ድምፅ የሚያወጣው ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ሙጫ ሲታሽበት ነው። ሙጫ ያልነካው አዲስ ጭራ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ወንድሜ በዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ለልጁ አዲስ ደጋን አበረከተላት። በደስታ ልትሞት። ሙጫውን ስታነሳ፣ ተይው እኔ አሽቼዋለሁ አላት።

ለሃያውም ልጆች ሰማያዊ ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝና የፊት ወንበር ተሰጠኝ። ልጆቹ እንከን አልወጣላቸውም። የኔዋ ከኋላ፣ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከሁሉም አብልጣ ትፈጋለች። ኃላፊው ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ መቼም መቀመጥ አልሆነልኝም፣ መድረኩ ላይ ዘልዬ ወጥቼ አቀፍኳት። ከዚያ ምላሴን በቆረጠውና፣

«ጭራሮዬ፣ ከሃያው መሐል ያንቺን ለይቼ ሰማሁት!» አልኳት።

አውራ ጣቷን በደጋኑ ጭራ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበችና ጣቷን አሳየችኝ። ሙጫ የታሸበት ቢሆን ነጭ ዱቄት ይታይባት ነበር። ጣቷ ንጹሕ ነበረች። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ አሽቼዋለሁ አላልከኝም?»

እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ መልሶ ሰካ።

«ለቡድኑ ብዬ ነው» አላት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ቫዮሊኗን በጨርቅ ጠረገች፣ ከነደጋኑ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛች፣ ቤት ስትገባ በእሱ አልጋ ሥር ገፋችው። ከዚያ ወዲያ ያንን ደረጃ አልወጣችም። አባቷንም ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ማለት ጀመረች። ምሳዎ ቀርቧል፣ ደህና ይደሩ፣ እንደዚህ። ጨዋ ልጅ ስለሆነች ጎረቤት ሁሉ አመሰገናት። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር ተነስቼ እወጣ ነበር።

ክፍሉ ተረፈ። ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስተማረበት፣ ግን የድሮው ሰው አልነበረም። ጆሮ የሌለው ልጅ ሲመጣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ወላጅ ዝግጅት ላይ ያ ልጅ አበላሸብን ብሎ ቢያማርር፣ ይበላሽ ብሎት ሄደ። ሂድና ልጅህን አናግራት እያልኩ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ። ምን ብዬ ይለኛል። ይቅርታ በላት፣ ሞኝ ነበርኩ በላት፣ ቃል ጠፋህ እንዴ አልኩት። አዎ፣ እታለም፣ ጠፋኝ አለኝ። እውነቱን ነበር። ሰውዬው ከእርሳሱ በቀር መናገሪያ አልነበረውም። ልጅቷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሌላ ከተማ መነጽር ቤት ሥራ አግኝታ ሄደች። በዓመት ሁለቴ ትመጣለች፤ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጤናውን ጠይቃ ትመለሳለች።

አንድ ረቡዕ ከላይ ኳ የሚል ሰማሁ። ሁሉም ቆሙ። ሁለተኛውን ስጠብቅ ጠፋ። ልጆቹም ደጋናቸውን እንዳነሱ ሲጠብቁ ኖሯል፤ አንዴ ከተንኳኳ መቆም ነውና ማን ይነቃነቅ። በመጨረሻ ትልቋ ልጅ እየሮጠች ወርዳ ጠራችኝ። እርሳሱ መሬት ወድቋል፣ እሱ ወንበሩ ላይ ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ቀርቷል። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ከነአንደበቱ ሄደ። ሐኪሞቹ ሁለተኛ ከመታው አይተርፍም አሉና ወደ ቤት መለሱልኝ።

ደወልኩላት። ዓርብ ከሰዓት ደረሰች። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ እንዴት ነዎት አለችው። በግራ እጁ ወደ አልጋው ሥር አመለከተ። ውሃ የፈለገ መስሎኝ ኩባያ አቀረብኩለት፣ ገፋው። እሷ ግን ገብቷታል። ጎንበስ ብላ ሳጥኑን ሳበችው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አቧራ እጠብቅ ነበር፣ ሳጥኑ ተወልውሏል። ስትከፍተው የቫዮሊኑ ክሮች አዲስ ናቸው። አንዱን በጣቷ ነካ ብታደርገው ልክ ድምፁን ሰጠ። ለካስ እየደበቀን፣ ማንም ለማይነካው ቫዮሊን ክር ሲቀይርና ሲቃኝ ኖሯል። ደጋኑን ብቻ አልነካውም። ጭራው ያኔ እንደነበረ፣ ነጭና ባዶ ነው።

ሙጫውን ከኮሞዲኖው መሳቢያ በግራ እጁ አወጣ። ጭራሮ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ደጋኑን በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችለት። ማሸት ጀመረ። አንድ ጊዜ ይስባል፣ ያርፋል፣ ሙጫው ይወድቅበታል፣ ታነሳለታለች። ዱቄቱ ብርድ ልብሱ ላይ ረገፈ። ፊቱ ላብ ሲያወርድ አይቼ ሙጫውን ልቀበለው ብል እጄን መታኝ።

«አትቸኩል፣ አባዬ» አለችው። «አትቸኩል፣ ይዤልሃለሁ።»

እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ስመለስ ቆማ ትጫወት ነበር፤ ያንኑ የዝግጅቱን ዘፈን፣ የሦስተኛውን ረድፍ ድርሻ። ጉድ ነው እናንተ፣ ያቺ መሐል ጣቷ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም እዚያው ወረደችባት። ወንድሜ እጁን አነሳና የአልጋውን እንጨት በጣቱ ኳ አደረገው። ቆመች። ከዚያ ኳ ኳ። ከመጀመሪያው። እየሳቀች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ቅዳሜም እሑድም እንደዚያው ዋሉ። የላይኛዋ ጎረቤት መጥታ፣ የታመመ ሰው ጆሮ ላይ ይሄ ምን ግፍ ነው አለችኝ። አንቺ ምን አገባሽ ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ትጫወታለች፣ ያንኳኳል። እሑድ ማታ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ማብሰያ ቤት ሆኜ አጥሚት ሳማስል ጀመረች። ያቺን የምትሰናከልባትን ቦታ ደረሰች። ጣቷ እንደ ልማዷ ወረደች። ጠበቅሁ። አልተንኳኳም። ሁለተኛውን መስመር አለፈች፣ ሦስተኛው ውስጥ ገባች። ማንኪያውን አስቀምጬ ወደ መኝታ ቤቱ ሄድኩ። እሷ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር የምትጫወተው፣ ደስ ብሏት፣ ትከሻዋ እየተወዛወዘ። ወንድሜ እጁ አልጋው እንጨት ላይ ነው። ዓይኑን አየሁት።

አላቋረጥኳትም። ግድግዳውን ተደግፌ እስከ መጨረሻው አስጨረስኳት። ብዙ ቦታ ሳተች፣ ግን ጨረሰች። ደጋኑን አውርዳ ዞር ስትል በሩ ላይ አየችኝ።

«አክስቴ፣ ሰማሽ? አንዴም እኮ አላስቆመኝም» አለች።

«ሰማሁሽ» አልኳት። «ያንቺን ነው የሰማሁት።»

የዛሬው እውነት ነበር። ከዚያ ሄጄ ቫዮሊኑን ከእጇ ተቀበልኳትና አባቷ ማረፉን ነገርኳት።