ልጄን በሸምበቆ የለካት ቻይናዊ

ኮምቦልቻ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲገነባ የደረሰብኝን ነው የምጽፍላችሁ። ልጄ ሀያት ከቤት በወጣች ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሀያት ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ቁመቷ ከአባቷም አልፏል። ሰው ቁመቷን ሲያነሳ «ማሻአላህ በሉ» እላለሁ፤ ዓይን እፈራለሁ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አንድ በጣም ረጅም ቻይናዊ በራችን ላይ ቆሟል። ግንባታው ላይ ማሽን የሚነዳ ነው፤ ሲያነክስ አይቼው አውቃለሁ። ሀያት እየሳቀች ግድግዳ ተደግፋለች። እሱ ሸምበቆ አጠገቧ አቁሞ አናቷ የደረሰበትን በከሰል ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ መዳፏን ከመዳፉ ጋር አስተያየ።

ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ። በእኛ ዘንድ ሰው በሸምበቆ የሚለካው ሲሞት ነው፤ ለቀብሩ ጉድጓድ። ሸምበቆውን ነጥቄ ሰባበርኩት።

ጩኸቴን ሰምቶ ጎረቤታችን ሰይድ መጣ። የቻይናዎቹ ሾፌር ስለሆነ ቋንቋቸውን ትንሽ ይሰማል።

«በሕይወት ያለችን ልጅ ይለካል? ምን ፈልጎ ነው?» አልኩት።

ሰይድ ካነጋገረው በኋላ ሳቀ። «አቦ፣ ራህመት! ሰውየውን በድንጋጤ ልትገድይው ነው እኮ! በአገሩ ደሞዝተኛ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ልጅ እያለ አሰልጣኞች እሱንም እንዲህ ለክተው ነው የወሰዱት። ሀያት ትጫወት ነው የሚለው።»

«ተጫዋች ከነበረ እዚህ አፈር ምን ያስዝቀዋል? ወላሂ ዋሽቶሃል!»

ሰውየው ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየኝ። ረጅም ጠባሳ አለው። ሰይድ እንደተረጎመልኝ፣ ጉልበቱ ሲሰበር ቡድኑ አሰናበተው፤ ከዚያ ማሽን መንዳት ተማረ። እኔ ግን አላመንኩም። ጠባሳ ማን የለውም?

«ሲወስዱት እናቱ ምን አለች? ጠይቅልኝ» አልኩ።

ሰውየው አቀርቅሮ መለሰ። ሰይድም ሳቁን ትቶ፣ «ደስ ብሏት ለእነሱ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወዲያ በዓመት በዓል ካልሆነ አላየኋትም፤ ነው የሚለው» አለኝ።

ይህንን አመንኩ። ልጅ ሊወስድ የመጣ ሰው እንዲህ አይልም።

«እዚሁ ደጄ ላይ ከሆነ ትጫወት» አልኩ። ሰውየው ብረት በይዶ ኳሱ የሚገባበት ቀለበት ሠራላት። እሑድ እሑድ ሲያስተምራት እኔ ደጃፍ ላይ ምስር እየለቀምኩ እጠብቃት ነበር። አገሩ እስኪገባ ድረስ ፈገግ አላልኩለትም።

አሁን ሀያት ደሴ ላይ በቡድን ትጫወታለች። ጨዋታ ሲኖራት ሚኒባስ ተሳፍሬ እወጣለሁ። የቻይናዊው እናት አንድ ቀን እንኳ ሲጫወት አይታው እንደሆነ ሳልጠይቀው መቅረቴ ይቆጨኛል። የጨዋታውን ደንብ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሰዉ ኳሷን ሲከተል፣ እኔ የልጄን ጉልበት አያለሁ።