ሽቦው የሚታየው ኮምፒውተር

እማዬ የፈራችውን ነገር ትጠቀልላለች። ልደታ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን የቆጣሪውን ሽቦ በጨርቅ ጠቅልላ ልታቃጥለን ነበር። እኔም በእሷ ወጥቼ ፈሪ ነኝ፤ ደፋሩ አፌ ብቻ ነው።

ያን ቀን ሜክሲኮ ወዳለ አንድ ማሠልጠኛ ሁለት ኮምፒውተር ይዤ ልሄድ ነበር። ኃላፊው በስልክ፣ «መብራት ሲጠፋም የሚሠራ፣ ለተማሪ የሚሆን የቱ ነው? አምጥተሽ ካስረዳሽን የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳትነት ያንቺ ነው» ብለውኛል። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

አንደኛው ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ማስኬጃ የጫንኩበት፣ ያገለገለ ትንሽ ላፕቶፕ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ግማሽ ቀን ይቆያል። ሁለተኛው በመዳፍ የሚያዝ ነው። ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ጌጃ ሰፈር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ቁጭ ብዬ ራሴ ገጣጠምኩት። ሽፋን የለውም። ቦርዱም፣ ሽቦውም፣ ክብ ባትሪዎቹም ይታያሉ። ከላፕቶፑ ያነሰ መብራት ይበላል፤ ሲበላሽም የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን ይታያል። እኔ የምወደው እሱን ነው።

«አንጀቱን የዘረገፈ ነገር ይዘሽ ሜክሲኮ ልትሄጂ?» አለች እማዬ።

«ኮምፒውተር ነው እኮ!»

«ማን ያውቅልሻል?»

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጥርቅም አድርጋዋለች። ረፍዶብኝ ስለነበር እንዳለ ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኩት።

ሜክሲኮ ስደርስ የማሠልጠኛው ሕንፃ በር ላይ ፈታሿ እጇን ቦርሳዬ ውስጥ እንደከተተች ቀጥ አለች።

«ምንድነው ይሄ?»

«ኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተር በፌስታል?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ወደ ኋላ አለ። አንዷ «በስማም!» አለች። ወንዱ ጥበቃ መጣና ዞር እንድል በእጁ አሳየኝ፤ ሌላው እጁ የመገናኛ ሬዲዮው ላይ ነበር። አንድ ቃል ቢናገርበት ፖሊስ ይመጣል፤ ሥራው ቀርቶ ቤቴም አልገባም። ደፋሩ አፌ ደረቀ።

«ፍቺው» አለኝ።

ፕላስተሩን ላጥኩ። ሽቦው ብቅ ሲል ጭራሽ ባሰ።

«አብሪው!»

አበራሁት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ወደ ታች ይንጋጋ ጀመር። ፈታሿ ሸሸች።

«እየቆጠረ ነው እንዴ?»

«አይደለም እህቴ፣ እየተነሳ ነው!»

«እንግዲያው አማርኛ ጻፊበት» አለ ጥበቃው።

ጻፍኩ። የወጣው ባዶ ባዶ ሳጥን ነው። የፊደሉን ቅርፅ አልጫንኩበትም ነበር፤ ትእዛዝ የምሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጎድሎብኝ አያውቅም።

«ምን ብለሽ ነው?»

«ሰላም።»

«ይሄ ነው ሰላም?»

ላፕቶፑን አወጣሁ። እስኪነሳ ድረስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አፈጠጥንበት። ቀርፋፋነቱን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። ሰላም ብዬ ስጽፍ፣ ሰላም ብሎ ወጣ።

«ይሄስ ይግባባል» አለች ፈታሿ።

«በይ ይሄን ይዘሽ ግቢ። ያ እዚህ ይቆያል።» ጥበቃው የልፋቴን ውጤት በሁለት ጣት አንስቶ፣ በሩ ጥግ ካለው የእሳት ማጥፊያ አሸዋ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠው።

«ሁለተኛውስ?» አሉኝ ኃላፊው፣ ፎቅ ላይ ቢሯቸው ስገባ።

«ጋሼ፣ ታች አሸዋ ውስጥ ነው።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶኝ የሆነውን ነገርኳቸው። የኮምፒውተርን ውስጥ ለማወቅ በመዳፍ የሚያዘውን የሚያክል እንደሌለ፣ ግን ተማሪ በየበሩ ይዞት የሚያልፈው፣ አማርኛም የሚጽፍበት ላፕቶፑ እንደሆነ።

«ጥሩ፣ ሰኞ ጀምሪ» አሉ። «ያንንም ይዘሽው ነይ፤ ልጆቹ ውስጡን ይዩት።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ያን በር ዳግም ይዤው ማለፌን አሰብኩ። ስወርድ እንደበራ አሸዋው ውስጥ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ማንም የለም።

«ሰኞ መልሼ አመጣዋለሁ» አልኳት ፈታሿን።

«ኧረ በናትሽ! ቢያንስ አትጠቅልዪው።»

እሑድ ፊደሉን ጫንኩበት። እማዬን «ቤት ትቼው ነው የምሄደው» ብዬ ዋሸኋት። ሰኞ ከባቡሩ ወርጄ፣ ሰላም የሚለውን ጽሑፍ እንዳበራሁ ከፊት ከፊቴ ይዤው ሄድኩ። ወደ በሩ በተጠጋሁ ቁጥር ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ጽሑፉ አልነበብ አለ።