ሲሃም የነካችው ሬዲዮ

በእነ አብዱላሂ ቤት አርባ ዓመት ያለፈው ቀልድ አለ። ቬንትሌተር ሲቆም፣ የበር ቁልፍ አልዞር ሲል፣ ስልክ ቻርጅ አልይዝ ሲል አንዱ ብድግ ይልና «ሲሃም ነክታዋለች?» ይላል። ቤቱ በሳቅ ያውካካል። ሲሃምም አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ።

ቀልዱን የጀመሩት አባቷ ናቸው። በዘጠኝ ዓመቷ፣ ውስጡ ማን ተቀምጦ እንደሚያወራ ልታይ ብላ፣ የአባቷን ትልቅ ሬዲዮ የኋላ ክዳን በእናቷ መቀስ ስትፈታ ተያዘች። ሬዲዮው በዚያው ሳምንት ድምፁ ጠፋ። የባቡር ነጂው አብዱላሂ ልጅ የሚመቱ ሰው አልነበሩም፤ ቢመቷት ግን ይሻላት ነበር። «ሲሃም ነክታዋለቻ! በቃ፣ ከእንግዲህ አይሠራም» ብለው ሳጥኑን ለቆራሌው ሰጡት። ሬዲዮው ሄደ፣ ቃሉ ቤት ቀረ።

ዛሬ ሲሃም ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ በመጋረጃ ሥራ ድሬ ላይ የሚስተካከላት ጥቂት ነው። የስፌት መኪናዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ከእሷ በቀር ማንም ከፍቶት አያውቅም። የቤቱን ቬንትሌተሮች የምትጠግነውም እሷ ናት። ይህን ግን ማንም አይቆጥርላትም። የቤተሰብ ቀልድ አንዴ ከተወለደ ማስረጃ የሚባል ነገር አይሰማም።

አብዱላሂ ሰማንያ አራት ሞልቷቸዋል። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆነ። ጆሯቸውና ምላሳቸው ግን ወጣት ነው። ታናሽ ወንድሟ ዛኪር፣ ስልክ ነጋዴው፣ የመዳፍ ግማሽ የምታክል ሬዲዮ አመጣላቸው። ዳበሷትና «ይሄ ምንድነው? ክብሪት ነው?» አሉ። ቁልፎቿ ለጣት አይለዩም፤ ጣቢያ በጠፋ ቁጥር «ሲሃም! ዛኪር! ኧረ ሰው የለም?» ብሎ መጣራት ነው። ፉርጎ ደርድረው በረሃ ለበረሃ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ዜና ለመስማት ሰው መለመናቸው አንገበገባቸው። በኋላማ መጣራቱንም ተዉትና ዝም ብለው ይቀመጡ ጀመር።

አንድ ቀን ግን ምሳ በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ «ያቺ የድሮዋ ብትኖር እኮ ጣቢያውን በጣቴ አገኘው ነበር» አሉ። «ሁለት ዙር ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ።» እርጥብ ጣታቸው አየር ላይ የሌለ ቁልፍ አዞረ። ሲሃም ፎጣውን ይዛ ቆማ ቀረች። የዚያን ቀን የተቆረጠው ልብስ ሁሉ ጠማማ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚራ ሰፈር ከአንድ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ቤት የመጋረጃ ልክ ልትወስድ ሄደች። ጥግ ላይ ዶሮ የታቀፈችበት የእንጨት ሳጥን አየች። ፊቱ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ላይ የከተሞች ስም ተጽፏል፤ ከሥር አውራ ጣት የሚሞሉ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች አሉት።

«ይሠራል?» አለቻት የቤቱን እመቤት።

«እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ሠርቶ አያውቅም። ለዶሮዋ ግን ተመችቷታል።»

ሲሃም በመጋረጃው የስፌት ዋጋ ለወጠችው። ዶሮዋ በግድ ተነሣች፤ ሬዲዮውም በባጃጅ፣ ሲሃም ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ቀፊራ ገባ።

ዛኪር ሲያየው ወገቡን ይዞ ሳቀ። «አቦ ሲሃም፣ ቆራሌው እንኳ የሚያፍርበትን ነገር! ማን ሊሠራው ነው?»

«እኔ።»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። ለአባታቸው እንዳይነግር ግን ወላሂ አስባለችው። እሷ ሳትችለው ብትቀር አባቷ ሬዲዮውን ዳግመኛ ያጣሉ፤ ያቺ ቃልም ዳግመኛ ትጸናለች። ስለዚህ ሥራዋን ያወቀ ሰው ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

አንድ ሰው ግን ማወቅ ነበረበት። ሦስት በር አልፎ የሚኖሩት ጋሼ ይሳቅ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የስልክና የሬዲዮ ጥገና ክፍል የጨረሱ ናቸው። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ሬዲዮውን አዩ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ጋሼ ይሳቅ፣ ታስተምረኛለህ?» አለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አያሠራም፤ ሽማግሌም ቢሆን አንተ ነው።

«እጅ የለኝም። አፍ ግን ሞልቶኛል፤ አፌ ካልሰለቸሽ እጅሽን አምጪ።»

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከንጋት እስከ ረፋድ፣ በሲሃም ጓዳ። ቬንትሌተር አይከፈትም፤ ሽቦ የሚበየድበትን ሊድ የሚያቀልጠውን ካውያ ያቀዘቅዘዋል። ጋሼ ይሳቅ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከወንበራቸው ያዝዛሉ፤ ሲሃም ላቧን እየጠረገች ትታዘዛለች። አባቷ ከወዲያኛው ክፍል «ምንድነው የምትፈቺው?» ሲሉ «መኪናዬን ነው አባ» ትላለች።

የጋሼ ይሳቅ የመጀመሪያ ሕግ ኤሌክትሪክ ላይ አለመሰካት ነበር። በብሩሽ ማጽዳት፣ ላባውን ማውጣት፣ የመስታወት ቫልቮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ እግራቸውን መወልወል። ቫልቭ የሚሏቸው አምፖል የሚመስሉትን፣ የድሮ ሬዲዮ ሞቀው የሚያናግሩትን ነገሮች ነው። ሁለተኛው ሕግ ስለ ግራ እጅ ነው።

«ኤሌክትሪክ ያለበትን ስትለኪ ግራ እጅሽ ኪስ ይግባ። በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ከወጣ ልብሽ መንገዱ ላይ ናት።»

«የቤት ቀሚሴ ኪስ የለውም።»

«ታዲያ ሰፊ አይደለሽም?»

በማግስቱ የሲሃም ቀሚስ በግራ በኩል እስከ ክርን የሚያስገባ ኪስ ነበረው።

ከሁሉ ያኮራት የክሩ ቀን ነው። ቁልፉ ሲዞር ጠቋሚዋን ከተማ ለከተማ የሚጎትታት ክር ተበጥሶ ነበር። ጋሼ ይሳቅ አዝነው «በኛ ጊዜ ለዚህች ክር ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይጣላ ነበር» አሉ። ሲሃም መንገዱን አየች፤ በትልቁ ጎማ ሁለቴ፣ በትንንሾቹ ላይ አንድ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ስፕሪንጓ። የወንበር መስፊያ ጠንካራ ክር ሰም አስነክታ፣ በጥርሷ ወጥራ አሰረችው። ጋሼ ይሳቅ ሻያቸውን እንኳ አልጨረሱም ነበር። ቁልፉን ስታዞረው ጠቋሚዋ ከዳር እስከ ዳር ሸርተት አለች።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡና «ፍቺውና እንደገና ሥሪው። እንዳየው ነው» አሉ። ሲሃም ሳቋን መያዝ አቃታት። ፈታችው፣ እንደገና ሠራችው።

ቀጥሎ ከሬዲዮው ጋር የድሮ፣ ውስጡ የሚግል ክር ያለው አምፖል አያይዘው ሞከሩት። የሬዲዮው ሆድ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፤ ውስጡ ያለ ቦታው የተገናኘ ሽቦ ካለ ቦግ ብሎ ይበራል። ቦግ ብሎ በራ። ጋሼ ይሳቅ የተበላሹት ኮንደንሰሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች፣ እንደሆኑ ነገሯት። ሲሃም ከሥር አየቻቸው፤ የታሸጉበት ሰም ቀልጦ ወርዶ ረግቷል።

«ይሄ የኛ ሙቀት ነው» አሉ ጋሼ ይሳቅ። «ድሬ የገባ የዚህ ዓይነት ሬዲዮ ሁሉ ሞቱ ይኸው ነው። ሰው ነካውም አልነካውም።»

ሲሃም ካውያውን አስቀመጠች። በዘጠኝ ዓመቷ መቀሷ ከኋላ ክዳኑ ብሎን አልፎ አያውቅም። ካውያውን መልሳ አነሣችና የመጀመሪያውን ኮንደንሰር ነቀለች።

ከዛኪር ሱቅ የወዳደቁ ሰርኪቶች ውስጥ ጋሼ ይሳቅ ቁጥሩን እያነበቡ የሚተካውን ኮንደንሰር መረጡላት። ከዚያ ለልቅሶ መልካ ጀብዱ ሄዱ። «ሳልመጣ እንዳትሰኪ» ብለዋት ነበር። ሁለት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን አልቻለችም። ኮንደንሰር ደግሞ ለእሷ ምን አዲስ ነገር አለው? የስንት ቬንትሌተር ኮንደንሰር ቀይራለች! ቀጠለችው፤ የመሞከሪያ አምፖሉንም ተወችና ቀጥታ ሰካችው።

ትንሽ እዝዝ አለ። ከዚያ እንደ ርችት ጓ! ጓዳው በጭስና በወረቀት ብጥስጣሽ ተሞላ።

ከወዲያኛው ክፍል አባቷ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ሰው እንዳልተጎዳ ሲሰሙ፣ በደግነት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ «ሲሃም ነክታዋለች?» ብለው ሳቁ። ሲሃምም ሳቀች። ከዚያ ጓሮ ወጥታ የውሃ በርሜሉ ጀርባ ተቀምጣ አለቀሰች። በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ እንደ ዘጠኝ ዓመቷ። ሲመሽ ሬዲዮውን በረንዳ ላይ አወጣችው፤ ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ ይውሰደው ብላ።

ጠዋት ከቆራሌው ቀድመው የደረሱት ጋሼ ይሳቅ ናቸው። የፈነዳውን አዩት።

«ነጩ መስመር ያለበትን እግር በየት በኩል አደረግሽው?»

«ቀኝና ግራ አለው እንዴ? የቬንትሌተሩ የለውም!»

ሽማግሌው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አይ የድሬ ሰው! ኮንደንሰር ሲባል የሚታየው ቬንትሌተር ብቻ!» እውነታቸውን ነው። እዚህ ከተማ ቬንትሌተር የሌለው ቤት የለም፤ ሙቀቱ ሲበረታ ኮንደንሰሩ ይሞታል፤ ሁለት ሽቦ ነው፣ እንደፈለግክ ታገናኘዋለህ፣ ይዞራል። የዚህ ግን አንዱ እግር ፖዘቲቭ አንዱ ኔጋቲቭ ነው።

ሲሃም መሬት መሬት ስታይ ጋሼ ይሳቅ ሳቃቸውን አቆሙ። «ስሚኝ እንጂ። ቬንትሌተር መጠገን የማይችል ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም። ኮንደንሰሩን መንካትም ይፈራል። አንቺ የምታውቂውን ይዘሽ ነው የተሳሳትሽው። በይ አንሺውና ግቢ።»

አነሣችው። ቆራሌው ሲያልፍ ጓዳ ውስጥ ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ የፈነዳው ተተክቶ ሁሉም ቦታ ቦታው ገብቶ አለቀ። ለአንቴና የልብስ ማስጫ ሽቦ ከጣሪያው ተዘረጋ። ዛኪርም ጉዱን ለማየት በሩ ላይ ቆመ። ሲሃም ግራ እጇን ኪሷ ከተተች፤ በቀኝ እጇ ሰካችው። የመሞከሪያው አምፖል ቦግ ብሎ ደበዘዘ፤ ደብዝዞም ቀረ። ጋሼ ይሳቅ «ይኸውልሽ» ብለው አምፖሉን አውጥታ ያለ እሱ እንድትሰካው አዘዟት። ቫልቮቹ ውስጥ ቀይ ነጥብ በራ። ድምፅ ግን የለም።

«ይኸው፣ አልሠራም» አለ ዛኪር።

«ይሙቅበት» አሉ ጋሼ ይሳቅ። «ይሄ እንዳንተ ስልክ ነካ ሲያደርጉት የሚለፈልፍ አይደለም።»

ሲሃም በልቧ ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ስትደርስ ከሳጥኑ ሆድ ወፍራም ጉምጉምታ ተነሣ፤ ከዚያ ፉጨት፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ በሶማሊኛ፣ ጓዳውን ሞላው።

የወዲያኛው ክፍል ወንበር ተንቋቋ። አብዱላሂ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። «ይሄ የክብሪቷ ድምፅ አይደለም» አሉ።

ሲሃም ወንበር ሳበችላቸውና እጃቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፈችላቸው። ሁለት ዙር ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ትንሽ መለሱ። ፉጨት ብቻ። ልታግዛቸው እጇን ስትሰድ «ተይኝ» አሏት። የሚፈልጉት ጣቢያ በዚህኛው ሬዲዮ ላይ ሌላ ቦታ ነበር፤ ጣታቸው በቀስታ ሄደ፣ አለፈው፣ ተመለሰ። የአረብኛ ዜና ጥርት ብሎ ወጣ። ማንንም ሳይጠሩ፣ ራሳቸው አገኙት። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ከዚያ «ማነው የሠራው?» አሉ።

ዛኪር ወደ እህቱ ዞረ። ጋሼ ይሳቅ ናቸው የመለሱት፤ «ሲሃም ነክታዋለች» አሉ።

ማንም አልሳቀም። አብዱላሂ እጃቸውን ዘረጉና የልጃቸውን ጣቶች ፈለጉ። መርፌ ያደነደነውን፣ ካውያ ያቃጠለውን አንድ በአንድ ዳበሱት።

«ያቺ የኛዋስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያኔ ምን ሆና ነው?»

«ሙቀቱ ነው አባ። የውስጧ ሰም ቀልጦ ነው።»

«አንቺ አልነበርሽም ማለት ነው?»

«እኔ ክዳኑን ብቻ ነው የፈታሁት።»

አብዱላሂ ጣቶቿን ጨበጡ። «አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም» አሉ።

«አላውቅም ነበር እኮ አባ። እኔም ያበላሸሁት እኔ ይመስለኝ ነበር።»

እጇን አልለቀቁም። ሲሃም በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም፤ ይህን ለጠየቃት ሁሉ ሳታፍር ትናገራለች።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ፣ የሳሎኑ ቬንትሌተር በጠራራ ሙቀት ቆመ። ዛኪር በልማድ «ሲ…» ብሎ ሲጀምር አባቱ ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉና በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«አፍህን ያዝ! ሲሃምን ጥሩልኝ፤ መጥታ ትንካው።»

ሲሃም ከበረንዳው መጣች፤ ግራ እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር።