ከማዶ የሚመልሰው ባትሪ

ሽንት ሰውን ፀረ አብዮተኛ ያሰኛል ብትሉኝ አላምንም ነበር። በደርግ ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ስኖር፣ ሐኪም «ፕሮስቴትዎ አብጧል» ካለኝ ወዲህ ሌሊቱን ስነሣ ስተኛ ነበር የማነጋው። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ፣ የወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ስለነበር ባትሪ ይዤ እወጣለሁ። አንድ ሌሊት ከወንዙ ማዶ ሌላ ባትሪ ሲበራ አየሁ። የመከራ ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ሁለቴ ብልጭ አደረግሁለት። እሱም ሁለቴ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ሆነ።

አንድ ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ፈገግታ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን እንዳነገተ ከሰሰኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኚህ ሰውዬ በሰዓት እላፊ በባትሪ ምልክት ይሰጣሉ። ከማዶም ይመለስላቸዋል!»

«ለማን ነው የሚያበሩት?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ማን እንደሆነ አላውቀውም። እኔን የሚያስወጣኝ ሽንት ነው፤ እሱም እንደኔው በሽተኛ ሳይሆን አይቀርም። ትናንትማ የባትሪ ድንጋዬ አልቆ በዳበሳ ነው የወጣሁት» አልኩ። ይህን ስል ራሱ ሽንቴ መጣ።

ሊቀመንበሩ ጥበቃውን «አንተ ውጣ፤ በሩንም ዝጋው» አለው። ከዚያ መሳቢያውን ሳበ። ሽጉጥ ሊያወጣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሁለት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ፊቴ አስቀምጧል።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትናንት ሳትመልስልኝ ስትቀር እኮ የሞትክ መስሎኝ ነበር!»