ኩሽኔታ ፍለጋ

ብስክሌቱን ያገኘሁት እዚህ ፈረንጅ አገር በምንኖርበት ታርኔት፣ ሰፈሩ አሮጌ ዕቃውን ደጅ በሚያወጣበት ሰሞን ነው። ወፍራም ብረት፣ የተሰነጣጠቀ የቆዳ ኮርቻ፤ አባቴ ባሕር ዳር በነበረችው ሱቁ ሲጠግን የኖረው ዓይነት። አባቴ ወደ እኛ ከመጣ ወዲህ መርሳት ጀምሮታል። እኔን የሚያውቀኝ አልፎ አልፎ ነው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት የለም ብሎኛል። እኔ ግን ግትር ነኝ። እጁ ሥራውን ካገኘ ልቡም ይመለሳል ብዬ ብስክሌቱን ጋራዥ አስገባሁት። ባለቤቴ "ላም አለኝ በሰማይ" ብላ አሾፈችብኝ።

ብስክሌቱን ገልብጠን አቆምነው። አባቴ የፊቱን ጎማ አሽከረከረና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ቸርኬው ይቃናል። ኩሽኔታው ግን አልቆለታል፤ ሌላ አምጣ" አለኝ።

እንዲህ ጥርት አድርጎ ከተናገረ ቆይቶ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወደ ብስክሌት መሸጫው በረርኩ።

ኩሽኔታ የፈረንጅ ቃል ስለሆነ ፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ፣ ኮራ ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ትንሽ አሰበና "ኩሽን" ያልኩት መስሎት ለኮርቻ የሚሆን ለስላሳ ትራስ አመጣልኝ። ለካ ቃሉ የጣሊያን ኖሯል። ጎማው ውስጥ የሚሽከረከሩትን ትናንሽ የብረት ኳሶች በጣቴ እየሣልኩ ሳስረዳው "ቤሪንግ" አለ። የብስክሌቱንም ፎቶ አይቶ፣ ይህን ያህል ከዛገ ባትለፋ ይሻልሃል አለኝ። ስለ ብረት ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ተቀየምኩት።

ሳምንታት ለፋን። እኔ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ አባቴ ቸርኬውን አቃና፣ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀባ፣ ፍሬኑን አጠበቀ። እጁ አንዲት ነገር አልረሳም። እኔም በየቀኑ ቀና ብሎ እስኪጠራኝ ፊት ፊቱን አየው ነበር።

የመጨረሻውን ቡሎን ያጠበቀ ዕለት እጁን በጨርቅ ጠረገ። ብስክሌቱን እየገፋ መጣና መሪውን በሁለት እጁ አስጨበጠኝ።

"ይኸው ደርሶልዎታል፣ ጌታዬ" አለኝ ጎንበስ ብሎ። "ልጄም አግዞኛል፤ እጁ ጎበዝ ነው። አሁን እዚሁ ነበረ፣ ወዴት እንደሄደ እንጃ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩና ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ።