የአባቴ ፊት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ

ያን ቀን ከመቅደሱ ግድግዳ ሥር የቆምነው ሥዕሉን የሚመሩት አለቃ ገብሩ፣ የደብሩ ገበዝ አባ ወልደ ሐና፣ አብሮኝ የሚሥለው ተሰማ እና እኔ ነበርን። ሰሞኑን ፒያሳ ካለ መጻሕፍት ቤት ገብቼ አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ስገልጥ ሁሉም ተመልሰው መጡብኝ። ገጹ ላይ ሐዋርያው ያዕቆብ ነበር፤ ያው ሰፊ ባርኔጣው፣ ባርኔጣው ላይ የተሰፋችው የባሕር ዛጎል፣ በትሩ።

ይህን ሥዕል በወጣትነቴ አራዳ ካለ አርመን ሱቅ ነው ያገኘሁት፤ የገዛሁት ሳሙና ተጠቅልሎበት። «ከእስፓኝ አገር ነው፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል» አለኝ ባለሱቁ። ሐዋርያቱ የሰፈር ሰው ይመስላሉ፤ አንዱ ጥርሱን ያመመው፣ ሌላው ከእርሻ የተመለሰ። የእጃቸው ደም ሥር ሳይቀር ይታያል። ከመምህር ያልተማርሁ ስለሆንሁ እንዲህ ያለ ቁራጭ ወረቀት ነበር ትምህርት ቤቴ።

አለቃ ያዕቆብን እንድሥል ሲሰጡኝ ክረምቱን ሙሉ ለፋሁበት። እንደ እስፓኞቹ የማውቀውን ሰው ፊት ሰጠሁት፤ በዚያው ዓመት የሞተውን የአባቴን። ወረቀቱ ላይ ሐዋርያው ወደ ጎን ይመለከታል፤ የአባቴም ጎባጣ አፍንጫ ደምቆ የሚታየው ከጎን ነበር። አለቃ በየቀኑ እያዩ «እጅህ ይባረክ» ይሉኝ ነበር።

አባ ወልደ ሐና ግን ያን ቀን ግድግዳው ላይ ሊለጠፍ ከተዘጋጀው ሸራ ፊት ቆሙ።

«ይኼ ማነው?»

«ያዕቆብ ሐዋርያ ነው፣ አባ።»

«ሁለተኛው ዓይኑስ?»

«ወደ ጎን ስለሚያይ ነው፤ በዚያ በኩል አለ።»

«ዞሬ ልየዋ?»

ተሰማ አላስቻለውም። «አባ፣ ባርኔጣውን ሲገዛ ዓይኑን መያዣ አስይዞ ይሆናል!»

ገበዙ አልሳቁም። «ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣል። ባንድ ዓይን የምንሥለው ሰይጣንንና ይሁዳን ነው። ይህን የነገረህ የለም?»

አለቃን አየኋቸው። ቀና አላሉም። «ሸራው ከሚበላሽ… ይሁዳ ገና አልተሣለም» አሉ።

ተሰማ ባርኔጣውን በቀለም ሸፈነው፤ በበትሩ ፈንታ ከረጢት አስያዘው። ፊቱን አልነካም። ከጸሎተ ሐሙሱ ማዕድ ሥዕል ጫፍ፣ በሴቶች በኩል ተለጠፈ።

ለእናቴ ሁሉንም ነግሬ ለደብሩ በዓል እንዳትመጣ ለመንኋት። «ታዲያ ባሌን አላየውም እንዴ?» ብላ መጣች።

እኔ ከወንዶች ጋር ቆሜ ነበር። በሴቶች በኩል ጉርምርምታ ተነሣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ስንመለስ የመስከረም ጭቃ ላይ ቀስ እያልን ወረድን። ከመንገድ ዳር የተጠበሰ እሸት በቆሎ ገዝቼ ሰጠኋት፤ እንደያዘችው ቤት ደረስን። እስክትሞት ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልነገረችኝም።

ግድግዳው ከታደሰ ቆይቷል። አለቃን በየቀኑ እያዩ ስለ ዓይኑ ለምን ዝም እንዳሉኝ ልጠይቃቸው አልሆነልኝም፤ ሞተዋል። ያን ቀን በሴቶች በኩል የቆማችሁ ካላችሁ ግን ንገሩኝ። እናቴ ሕዝብ ፊት ይሁዳን ሳመችው? ወይስ አባቴን አልፋው ሄደች?